ስለ ምርጫ ታሪካችንና ስለ ማኅበሩ አዲስ መዝገብ በጠቅላላ ጉባኤ የተሰጠ ንግግር

(ንግግሩን ያቀረቡት የማኅበሩ ጸሐፊ ናቸው። ከኋላ ተቀምጠው በደንብ ላልሰሙና በዕለቱ ላልተገኙ ነዋሪዎች ሲባል ሙሉ ቃሉ በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ በጉባኤው ተወስኗል።)



ንግግራችን ጥቂት ይረዝማል። የእኛ ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል ያልዘለለ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ በአነጋገራችን ስሕተት ቢገኝ አርሙን፤ ፍሬ ነገሩን ግን ያዙልን።

ዛሬ የምንናገረው ስለ ምርጫ ነው። አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። ማኅበራችን የሠፈር ማኅበር ነው። ለማንም ፓርቲ አይቀሰቅስም፤ ማንንም ፓርቲ አያወግዝም። እገሌን ምረጡ፤ እገሌን ተዉ የሚል ቃል በዚህ ወረቀት ላይ ያገኘ ሰው ካለ ወረቀቱን ቀዶ ይጣለው። የምንናገረው ስለ ራሳችን ነው።

ነገሩን ያነሣው የወንዙ ጉዳይ ነው። ከሠፈራችን በታች ያለው ወንዝ በበጋ ሕፃን ልጅ ዘሎ የሚሻገረው ነው። ዝናም ሲበረታ ግን ሠፈሩን ከትምህርት ቤቱና ከጤና ጣቢያው ይቆርጠዋል። ባለፈው መስከረም፤ ትምህርት በተከፈተ ሳምንት፤ ውሃው ገና ሳይጎድል አንዲት ተማሪ ስትሻገር ያዛት። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ደርሰው በጅራፍ ጎትተው አወጧት። እሷ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች፤ ደብተሮቿ ግን ወደ ዓባይ ወረዱ።

በዚህ ምክንያት ሦስት ሽማግሌዎች ተመርጠው፤ ጸሐፊውም አብሮ ሆኖ፤ ጉዳዩ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድን። ሽማግሌዎቹ «በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ዋዜማ እዚሁ ሜዳችን ላይ ድልድይ ይሠራላችኋል ተብሎ ቃል ተገብቶልናል» አሉ። የተቀበሉን ሰው ትሑት ሰው ነበሩ፤ አልተቆጡም። «ቃሉን የሰጣችሁ ማን ነው? በየትኛው ቀን? ለተወካዮች ምክር ቤት የተወዳደረው ነው ወይስ ለክልሉ ምክር ቤት? የተጻፈ ነገር ይዛችኋል?» ብለው ጠየቁ። አንደኛው ሽማግሌ «ያ ቀጭኑ ነው» አሉ። ሁለተኛው «ኧረ የለም፤ ኮፍያ ያደረገው ነው» አሉ። ሦስተኛው ደግሞ «እኔ እንኳ በዚያን ቀን ለቅሶ ላይ ነበርሁ» አሉ። መልስ የሌለን ሆነን ወጣን። በመንገድ ስንመለስም ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተቀያየሙ።

ጥፋቱ የሽማግሌዎቹ አይደለም። ጥፋቱ የእኛ ነው። በዚያ የምረጡኝ ስብሰባ ላይ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘን ከፊት የተቀመጥነው እኛ ነበርን። ደብተሩን ገልጠን አየነው። የጻፍነው የተገኘውን ሰው ቁጥርና የወንበር ኪራይ ሂሳብ ብቻ ነው። ማን እንደተናገረ፤ ምን እንዳለ፤ አንዲት መስመር የለችበትም። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እኛ ግን በመጽሐፍ ሊኖር የሚገባውን በቃል አስቀረነው፤ ስለዚህም ተረሳ።

ከዚያ በኋላ ኮሚቴው ተቀምጦ ራሱን ጠየቀ። እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ መረጥን? ማንን ወዴት ላክን? ሽማግሌዎችን ጠየቅን፤ ያገኘነውንም መጽሐፍ አነበብን። ያገኘነውን በዘመን በዘመኑ እንነግራችኋለን።

1ኛ. በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን

ይጁቤ ድሮም የሰው መገናኛ ናት። የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የሚመጣውን ነጋዴ ከጎጃም ነጋዴ ጋር የሚያገናኝ ስመ ጥር ገበያ ነበር። አባቶቻችን በጨውና በቡና ዋጋ መከራከርን ያውቁበታል። «ማን ያስተዳድርህ?» ብሎ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ወጣ፤ ምክር ቤትም ተቋቋመ። ነገር ግን የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባላት የሚመረጡት በመኳንንቱና በሹማምንቱ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ራሱ ይህ የሚሆነው ሕዝቡ በራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ ነው ይላል። ሕዝቡ «ቻለ» የተባለው በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ በወጣው ሕገ መንግሥት ነው። 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፤ ወንድም ሴትም፤ እንዲመርጥ ተፈቀደ። የመጀመሪያው ምርጫ የተደረገው በ1950 ዓ.ም. መባቻ ነው። ከዚያም በ1953፤ በ1957፤ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. በየአራት ዓመቱ ተደረገ። ባጠቃላይ 5 ጊዜ መሆኑ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። አገሩ ወደ 200,000 ሕዝብ በሚሆን የምርጫ ወረዳ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ወረዳም 2 እንደራሴዎችን ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ከ30,000 ሰው በላይ ያለው ከተማ ለብቻው ተጨማሪ ያገኛል። ተመራጭ ለመሆን 25 ዓመት መሙላት፤ በወረዳው መኖርና በሕጉ የተወሰነ ያህል ንብረት ማፍራት ያስፈልግ ነበር። ፓርቲ የሚባል የለም። ሌላው ምክር ቤት፤ የሕግ መወሰኛው፤ በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾም ነው። እንግዲህ ድሃው መምረጥ ይችላል፤ መመረጥ ግን አይችልም ማለት ነው።

ለእናቶቻችን የሚያኮራ ነገርም አለበት። በመጀመሪያው ምርጫ ወ/ሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው በኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። በሠለጠነችው በስዊዘርላንድ እንኳ ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት በ1963 ዓ.ም. ነው። የእኛ እናቶች ቀደሙ። ታዲያ ዛሬ «ምርጫ የወንድ ነገር ነው» የሚል ሰው በሠፈራችን ቢገኝ ይህን ንገሩት።

አሁን ልብ በሉ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ በምክር ቤት አልፎ የመጣ ነው። ምክር ቤቱ ውስጥ የጎጃም እንደራሴዎችም ነበሩ። የጎጃም ገበሬ ግን ገማቹ ሲመጣበት «ርስቴ ሊለካ ነው፤ ሊወሰድብኝ ነው» ብሎ እምቢ አለ። በሞጣ፤ በቢቸና፤ በዳሞት ሰው ሸፈተ። ጦር ተላከ፤ ከአውሮፕላንም ቦምብ ተጣለ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሥተው ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ፤ ግብሩም በጎጃም እንደ ታሰበው ሳይሠራበት ቀረ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? እንደራሴው አዲስ አበባ፤ ገበሬው ቀዬው ላይ፤ በመካከላቸው መንገድ አልነበረም። በደብዳቤና በምክር ሊያልቅ የሚችል ነገር በጥይት አለቀ። ድምፅ ሰጥቶ መለያየት እንዲህ ያለ ጣጣ ያመጣል።

2ኛ. በደርግ ዘመን

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ ምክር ቤቱም ተበተነ። በዚያው ዓመት የገጠር መሬትና የከተማ ቦታ አዋጆች ወጡ፤ የገበሬ ማኅበርና የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፤ ማለትም ቀበሌ፤ ተቋቋመ። ሰው ጎረቤቱን መምረጥ የለመደው ያኔ ነው። የሠፈር ስብሰባ፤ የቃለ ጉባኤ ደብተር፤ ክብ ማኅተም፤ ይህ ሁሉ የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ቀበሌው ዳቦና ስኳር ያደለበት ጊዜ አለ፤ ሰው ያሠረበትም ጊዜ አለ። ሁለቱንም ያዩ እናቶችና አባቶች እዚሁ መካከላችን ተቀምጠዋል።

የአገሩን ምክር ቤት ለመምረጥ ግን ከ12 ዓመት በላይ ተጠበቀ። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ለአዲሱ ሕገ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ 81 በመቶው ደግፏል ተባለ። ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. ደግሞ የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሆነ። ሸንጎው 835 ወንበር ነበረው። ዕጩ ሆኖ የሚቀርበው በኢሠፓ፤ በብዙኃን ማኅበራትና በጦሩ ክፍሎች የተጠቆመ ነው። ድምፁን የሰጠነው እኛ ነን፤ ዝርዝሩን ያወጣው ግን ሌላ ነው። አንድ አባታችን ሲናገሩ «ሦስቱም በሬዎች የአንድ ሰው ነበሩ፤ እኛ የመረጥነው ቀለማቸውን ነው» አሉን። ሸንጎው አራት ዓመት ሳይሞላው በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ወደቀ።

3ኛ. ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

ግንቦት 28 ቀን 1986 ዓ.ም. ለሕገ መንግሥት ጉባኤ ምርጫ ተደረገ። ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸደቀ። በግንቦት 1987 ዓ.ም. ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተመረጠ። ምክር ቤቱ 547 ወንበር ተደለደለለት፤ ከዚህም ውስጥ 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው። እያንዳንዱ የምርጫ ክልል አንድ ሰው ይልካል። እዚህ ላይ ሰው እንዳይደናገር፤ «የምርጫ ክልል» ማለት ክልል መስተዳድር ማለት አይደለም፤ አንድ ተወካይ የሚወጣበት አካባቢ ማለት ነው።

በ1987 ዓ.ም. ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች አንወዳደርም ብለው ቀሩ፤ ኢሕአዴግም አሸነፈ። ግንቦት 6 ቀን 1992 ዓ.ም. በተደረገው ሁለተኛ ምርጫም ኢሕአዴግ አሸነፈ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ግን ሌላ ነበር። እኛ ያን ጊዜ ወጣት ነበርን። ክርክሩ በሬዲዮ ይተላለፋል፤ ሬዲዮ ባለው ቤት ደጃፍ ላይ ሰው ቆሞ ይሰማል። ጠላ ቤት ስለ ማዳበሪያ ዋጋና ስለ መሬት ይከራከራል። በምርጫው ቀን ገና ሳይነጋ ተሰልፈን፤ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጥታ እስክትዘቀዝቅ ቆምን። በውጤቱ ኢሕአዴግ 327፤ ቅንጅት 109፤ ኅብረት 52 ወንበር አገኙ። አዲስ አበባን ቅንጅት ጠቅልሎ ወሰደ። በውጤቱ ላይ ክርክር ተነሣ፤ ደም ፈሰሰ። የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪል ሰዎች መሞታቸውን ገለጠ። ከተመረጡት ተቃዋሚዎች አንዳንዶቹ ምክር ቤት ሳይገቡ ቀሩ። ሰው ቀኑን ሙሉ ቆሞ የመረጠው ወንበር ባዶ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ 545ቱን ወሰዱ። ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. 547ቱንም ወሰዱ። አንድ ስንኳ ተቃዋሚ አልቀረም። ስድስተኛው ምርጫ በ2012 ዓ.ም. ሊደረግ ታስቦ በኮሮና በሽታ ምክንያት ተላለፈ፤ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተደረገ። በትግራይ በጦርነቱ ምክንያት አልተካሄደም፤ በሌሎችም አንዳንድ ቦታዎች እንዲሁ። ውጤታቸው ከተገለጸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410 አገኘ። አብን 5፤ ኢዜማ 4 አገኙ።

ታሪኩ ይህ ነው። በሦስት መንግሥት ሦስት ዓይነት ኮሮጆ አየን። በመጀመሪያው ንብረት ያለው ብቻ ይቀርብልናል። በሁለተኛው የአንድ ፓርቲ ዝርዝር ይቀርብልናል። በሦስተኛው ብዙ ምልክት ይቀርብልናል፤ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ግን አንዱ ነው። በሦስቱም ያልተለወጠ አንድ ነገር አገኘን። እሱም ኮሮጆው ተነሥቶ ከሄደ በኋላ እኛ ወደ ቤታችን መግባታችን ነው። የላክነውን ሰው ስም ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያስታውስ ሰው በሠፈሩ ስንፈልግ ያገኘነው አራት ሰው ብቻ ነው። ከአራቱ ሁለቱ ተሳስተዋል።

4ኛ. ስለ ምስጢር ድምፅና ስለ ባቄላው ነገር

የባለፈውን ዓመት የማኅበራችንን የሊቀ መንበር ምርጫ ታስታውሳላችሁ። እንደ ልማዳችን እጅ በማውጣት መረጥን። እኛ ቆጠርን፤ 61 ለ34 ሆነ፤ አጨበጨብን፤ ተበተንን። በዚያው ማታ አንዲት እናት ቤታችን ድረስ መጡ። «ልጄ፤ እጄን ያወጣሁት ልቤ ፈቅዶ አይደለም። የዘር እህል የተበደርሁት ከደጋፊያቸው ነው። ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያዩኛል፤ ምን ላድርግ?» አሉን። ይህን እንድንናገር ፈቅደውልናል። እኛም ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደንም።

በሳምንቱ ጉባኤው እንደገና ተጠራ። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ባቄላና አንድ ሽንብራ ሰጠን። ባቄላው የአንደኛው ዕጩ፤ ሽንብራው የሁለተኛው ነው። አንድ በአንድ ዕቃ ቤት እየገቡ የፈለጉትን በእንስራው፤ የቀረውን በጆንያው ጣሉ። እንስራው በሁሉ ፊት ተገለበጠ፤ ሁለት ልጆችና ሁለት ሽማግሌዎች ቆጠሩ። ባቄላው 43፤ ሽንብራው 52 ሆነ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ድምሩም ያው 95 ነው። የተለወጠው ዓይን አለመኖሩ ብቻ ነው። የተሸነፉት ሰው በመልካም ፈቃድ ተቀብለው ዛሬ የገንዘብ ተቆጣጣሪያችን ሆነው ያገለግላሉ፤ እናመሰግናቸዋለን።

የሌላውም አገር ታሪክ ይኸው ነው። በእንግሊዝ አገር ጭሰኛው በባለመሬቱ ፊት ድምፁን ጮኾ ይናገር ነበር። መንግሥት ባሳተመው ወረቀት ላይ በምስጢር ምልክት ማድረግ በ1848 ዓ.ም. በአውስትራሊያ፤ በቪክቶሪያና በደቡብ አውስትራሊያ፤ ተጀመረ። እንግሊዞች እሱን አይተው በ1864 ዓ.ም. ሕግ አደረጉት። እኛም በምርጫ ጣቢያ የምናየው መጋረጃ ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ በምርጫ ቀን «ለማን ሰጠሽ? ለማን ሰጠህ?» ብሎ ባልም ሚስትን፤ አበዳሪም ተበዳሪን፤ የማኅበር ሰውም ጎረቤቱን እንዳይጠይቅ አጥብቀን እናሳስባለን።

ሌላው መታወቅ ያለበት ስለ ቆጠራ ነው። በአገራችን ሕግ በአንድ የምርጫ ክልል ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት የለበትም። እንበል 1,000 ሰው መረጠ። አንዱ 400፤ ሁለተኛው 350፤ ሦስተኛው 250 ቢያገኙ ባለ 400ው ይገባል፤ 600 ሰው ያልመረጠው ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ለዚህ ነው በወንበር ብዛት ብቻ የሕዝቡን ልብ ማወቅ የማይቻለው። ያልመረጠውም ሰው ግን ተወካዩ ያው ሰው ነው። «የእኔ አይደለም» ብሎ ደብዳቤ አለመጻፍ ራስን መጉዳት ነው።

5ኛ. ስለ መዝገቡ

እንግዲህ ኮሚቴው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ማኅበሩ አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ይግዛ። በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው እንደሚከተለው ነው።

ሀ/ ምርጫ በመጣ ቁጥር በሠፈራችን ሜዳ የተናገረ ዕጩ ሁሉ፤ ስሙ፤ ምልክቱ፤ የሚወዳደርበት ምክር ቤት፤ ቀኑና የገባው ቃል ይጻፋል። የሁሉም ዕጩ ቃል እኩል ይጻፋል። ከተቻለም ዕጩው ራሱ ተነቦለት ይፈርምበት። አልፈርምም ካለም «አልፈርምም አለ» ተብሎ ይጻፍ።

ለ/ ቆጠራው በምርጫ ጣቢያው ተደርጎ ውጤቱ በዚያው ይለጠፋል። የተለጠፈውን ወረቀት ሁለት ሰዎች፤ አንድ ሴትና አንድ ወንድ፤ ሄደው በመዝገቡ ላይ ይገለብጡታል። የምርጫ አስፈጻሚዎችን ሥራ አያደናቅፉም፤ ሳጥንም አይነኩም፤ የተለጠፈውን ይገለብጣሉ፤ ያ ብቻ ነው።

ሐ/ ያሸነፈው ተወካይ ስምና የሚገኝበት አድራሻ ይጻፋል። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የተወካዮች ምክር ቤት የሚሠራው ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ሰኔ ሳይወጣ ማኅበሩ አንድ ደብዳቤ ይጽፋል፤ በክረምቱ ዕረፍት ጊዜም ተወካዩ መጥቶ እንዲያነጋግረን ይጠይቃል። የደብዳቤው ግልባጭና የመጣው መልስ በመዝገቡ ይለጠፋል። መልስ ካልመጣም ይኸው ይጻፋል።

መ/ የትኛው ጉዳይ ለማን እንደሚቀርብ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፋል። ብዙዎቻችን ሁሉንም ነገር ከአንድ ሰው እንጠብቃለን። በምርጫ ቀን ግን ሁለት ወረቀት ይሰጠናል፤ አንዱ አዲስ አበባ ለሚቀመጠው ለተወካዮች ምክር ቤት፤ ሁለተኛው ባሕር ዳር ለሚቀመጠው ለክልሉ ምክር ቤት ነው። ወረዳውና ቀበሌውም የየራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። የእኛ ዓይነት ትንሽ ድልድይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከወረዳው ነው። ይህን ሳናውቅ አዲስ አበባ የሚሄደውን ሰው ስንወቅስ ኖረናል።

ሕገ መንግሥቱ አንድ ተጨማሪ ነገር ይላል። ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው ይችላል። ይህ መብት በወረቀት ላይ አለ። ነገር ግን «እምነት አጣሁ» የሚል ሰው ምን ቃል እንደተገባለትና ምን እንደቀረ ማሳየት አለበት። ባዶ እጁን የሄደ ሰው፤ እኛ እንዳየነው፤ «ያ ቀጭኑ ነው፤ የለም ባለ ኮፍያው ነው» ሲል ይመለሳል።

6ኛ. ለወጣቶቻችን

ወጣቶቻችን በኮሚቴው ስብሰባ ላይ መጥተው የተናገሩትን አንደብቅም። «547ቱም ወንበር ለአንድ ወገን በሄደበት አገር፤ የተመረጠው ወንበር ባዶ በቀረበት አገር፤ መዝገብ ምን ይረባል? የምትጽፉት ለአይጥ ነው» አሉ። ተቆጥተን ነበር፤ ቆይተን ስናስበው ግን ግማሹ እውነት ሆኖ አገኘነው። መዝገብ ድልድይ አይሠራም። መዝገብ የተጭበረበረ ነገር ካለ አያስቀረውም። በአካባቢያችንም ሰው ወጥቶ ለመግባት የተጨነቀባቸውን ቀናት ሁላችንም እናውቃለን፤ ያን ሁሉ ደብተር ይፈታዋል አንልም።

ነገር ግን እስቲ መልሱልን። የ1960ው ገበሬ ከእንደራሴው ጋር መጻጻፊያ ቢኖረው ኖሮ ስንት ሰው ይተርፍ ነበር? ባለፈው ዓመት ባቄላና ሽንብራ ባንሰጥ ኖሮ 95 ሰው በሐሰት ውጤት ይኖር አልነበረምን? ያችን እናት ያዳመጣት ባይኖር እውነቱ ከልባቸው ይወጣ ነበርን? ትልቁን ነገር ማረም ባንችል የእኛን ድርሻ አስተካክለን እንያዝ። መንግሥት ሲለዋወጥ የጠፋው የእኛው ማስታወሻ ነው። አያቶቻችሁ ለማን ድምፅ እንደሰጡ አይነግሯችሁም፤ ይህ ምስጢራቸው ነው። ምን ቃል እንደተገባላቸው ግን ሊነግሯችሁ ይገባ ነበር፤ የጻፈው ስለሌለ አልነገሯችሁም። እናንተም ለልጆቻችሁ ያንኑ ባዶ ደብተር አታስተላልፉ።

ስለዚህ መዝገቡን ወጣቶቹ ራሳቸው እንዲይዙት እንጠይቃለን። ጽሕፈታቸው ከእኛ ያምራል፤ ዓይናቸውም ይሻላል። እኛ እንቆጣጠራለን፤ እነሱ ይጻፉ። እንጽፋለን ካሉ፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ የሚጻፈው የእኛው ጥፋት ይሁን፦ «በ2013 ዓ.ም. በሠፈራችን ሜዳ ድልድይ ይሠራላችኋል ተብሏል፤ የተናገረውን ሰው ስም ጸሐፊው ሳይጽፍ ቀርቷል።» ይህን ለመፈረም ዝግጁ ነን።

የተቀያየማችሁት ሽማግሌዎቻችንም ዛሬ እዚሁ ስለተገኛችሁ፤ ስለ እኛ ብላችሁ ይቅር ተባባሉ። ቀጭኑም ቢሆን ባለ ኮፍያውም ቢሆን የተናገረው፤ ልጆቹ የሁላችንም ናቸው፤ ወንዙም የሁላችን ነው።



ማሳሰቢያ፦
በጉባኤው ማጠቃለያ ላይ ሐሳቡ በባቄላና በሽንብራ ድምፅ ተሰጥቶበት በ71 ድገፋ፤ በ18 ተቃውሞ አልፏል። ለመዝገቡ መግዣ ከማኅበሩ ገንዘብ ወጪ እንዲደረግ ተፈቅዷል። መዝገቡን ለመያዝ ሁለት ወጣቶች፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፤ ስማቸውን አስመዝግበዋል። ስለ ድልድዩ ለወረዳው ምክር ቤት የሚጻፈው ደብዳቤ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰሌዳው ፊት ይነበባል፤ ሊጨመር ወይም ሊቀነስ የሚገባው ካለ ያንጊዜ ይነገረን። ሦስቱ ሽማግሌዎች እርቅ አውርደው በዚያው ዕለት አብረው ቡና ጠጥተዋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ይጁቤ